ከፊደል ወደ ሙስነድ፦ ግዕዝን የሚያነብ ሰው የሳባን ጽሕፈት እንዴት ይማራል?

ሙስነድ የጥንታዊት ደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት ነው። 29 ተነባቢ ፊደላት አሉት፤ የአናባቢ ምልክት የለውም። ዛሬ የመን በምትባለው ምድር የነበሩት የሳባ፣ የማዒን፣ የቀታባንና የሐድረሞት መንግሥታት፣ በኋላም ሒምየር፣ ሕጋቸውን፣ የጦር ድላቸውን፣ ለአማልክት ያቀረቡትን መባና የሙታናቸውን ስም በድንጋይና በነሐስ ላይ የቀረጹት በዚህ ጽሕፈት ነው። አገልግሎቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ያበቃው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። እስካሁን ከ10 ሺህ በላይ ጽሑፎች ተገኝተዋል።

ጽሕፈቱ በቀይ ባሕር ማዶ ብቻ አልቀረም። በየሐ በሚገኘውና እስከ ዛሬ በቆመው ታላቅ መቅደስ አካባቢ፣ በውቅሮ አጠገብ በመቃብር ጋዕዋ፣ እንዲሁም በኤርትራና በትግራይ በርካታ ሥፍራዎች በሙስነድ የተጻፉ ድንጋዮች ተገኝተዋል። የጽሑፍ ታሪክ ተመራማሪዎች በሰፊው እንደሚቀበሉት የግዕዝ ፊደል የወጣው ከዚሁ የደቡብ ሴማዊ ጽሕፈት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አማርኛ ወይም ትግርኛ ማንበብ የሚችል ሰው ሙስነድን ሲጀምር ከባዶ አይነሣም፤ ከፊደላቱ አብዛኞቹን በሌላ መልክ ያውቃቸዋል። ሥራው የሚያውቀውን ከማያውቀው መለየት፣ ተመሳስሎ የሚያሳስተውንም አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ይህ ምዕራፍ ያንን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል።

በዚህ ምዕራፍ የሙስነድ ቃላት የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል፣ ተነባቢዎቹን በሰረዝ በመለየት ነው። ለምሳሌ «በ-የ-ተ» ሲባል ሦስት ተነባቢዎች ተጽፈዋል ማለት እንጂ «በየተ» ተብሎ ይነበባል ማለት አይደለም።

የፊደላቱ ቁጥርና ተራ

የግዕዝ ፊደል 26 ዋና ሆሄያት አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ጰ እና ፐ በዋናነት ለግሪክና ለሌሎች የውጭ ስሞች ሲባል የተጨመሩ ናቸው። የቀሩት 24ቱ በሙስነድ አቻ አላቸው። ሙስነድ 29 ስለሆነ በግዕዝ ተተኪ ያልተረፈላቸው አምስት ፊደላት ብቻ ናቸው። የጀማሪው የሥራ መጠን በዚህ ቁጥር ይታወቃል፤ 24 ቅርጾችን ከሚያውቃቸው ሆሄያት ጋር ማገናኘት፣ አምስቱን ደግሞ እንደ አዲስ ማጥናት።

የተራው ነገርም ለተማሪው ትልቅ እገዛ ነው። ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና ግሪክኛ የሚጀምሩት ከአልፍ ነው። ሙስነድ ግን የሚጀምረው ልክ እንደ ፊደላችን «ሀ ለ ሐ መ» ብሎ ነው። ከዚያም «ቀ ወ ሠ ረ በ ተ ሰ ከ ነ ኀ» እያለ ይቀጥላል። በሁለቱም ዘንድ ከሠ ቀጥሎ ረ፣ ከበ ቀጥሎ ተ ይመጣል፤ በሌሎቹ ግን ተራው ተለያይቷል። ይህ የ«ሀለሐመ» ተራ ከሳባም ይቀድማል። በጥንታዊቷ ቤት ሳሚስ በ1933 የተገኘች አንዲት የሸክላ ጽላት በሽብልቅ ቅርጽ ፊደላት የተጻፈች ሲሆን፣ በ1980ዎቹ በጥንቃቄ ስትነበብ ይህንኑ ተራ የያዘች ሆና ተገኝታለች። ዘመኗም ከክርስቶስ ልደት በፊት 13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት የሚዜመው የፊደል ተራ አጀማመሩ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው ማለት ነው።

መልካቸው ያልተለወጠ ፊደላት

የሙስነድ ቅርጾች ቀጥ ያሉ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነና በሁለት መስመሮች መካከል በሥርዓት የቆሙ ናቸው። ቀራጮቹ ክብ፣ ቅስት፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘንና ቀጥተኛ ጭረት ብቻ በመጠቀም ሁሉንም ሠርተዋቸዋል። በብራና ላይ በብዕር የተጻፈው ግዕዝ ግን ጭረቱ ወፈር ቀጠን ያለ፣ ማዕዘኑም የለዘበ ነው። ይህንን ልዩነት ወደ ጎን ያደረገ አንባቢ አንዳንዶቹን ፊደላት ያለ ምንም ማብራሪያ ይለያቸዋል።

በ ሁለት እግሮችና አንድ ጣሪያ ያለው ቅርጽ ነው፤ በሙስነድም እንዲሁ ነው። ዐ በሁለቱም ክብ ነው። ቀ በሁለቱም ክብ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጭረት ያልፍበታል። ሰ ወደ ታች የተከፈተ ቅስት ሆኖ አናቱ ላይ አጭር ዘንግ ይዟል፤ በሙስነድ ዘንጉ ረዘም ይላል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ገ ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ ከአናቱ ወደ አንድ ወገን የሚታጠፍ ክንድ አለው። ተ መስቀል ነው፤ ልዩነቱ የሙስነዱ መስቀል ዘመም ብሎ ጭረቶቹ በሰያፍ መተላለፋቸው ነው።

እነዚህ ስድስቱ የመጀመሪያው ትምህርት ሊሆኑ ይገባል። ተማሪው በእነሱ ብቻ ቃላት ማንበብ ይጀምራልና።

የዞሩና የተለወጡ ፊደላት

ሁለተኛው ወገን የዞሩትን ይይዛል። ሠ በፊደላችን ሦስት ጣቶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። የሙስነዱ ሠ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የተሰባበረ መስመር ነው፤ በሩብ ዙር ሲዞር የግዕዙን ሠ ይሰጣል። መ በሙስነድ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ሲሆን ከጎኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ይታያሉ። ማዕዘኖቹ ሲከብቡና ዘንጉ ሲጋደም የመ ሁለት ክቦች ይወጣሉ። ሐ ደግሞ በሙስነድ ሦስቱን ጣቶች ወደ ላይ አድርጎ በአንድ ዘንግ ላይ ይቆማል። የግዕዙ ሐ ጣቶቹን ወደ ታች አውርዷል።

ሦስተኛው ወገን ጭረት የጨመሩትን ወይም የጣሉትን ይይዛል። የሙስነዱ ሀ ወደ ላይ የተከፈተ ጽዋ ሆኖ በዘንግ ላይ ይቆማል። ግዕዝ ጽዋውን ይዞ ዘንጉን ጥሏል። ለ በሙስነድ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ሆኖ አናቱ ላይ አጭር ዘመም ያለ ቅጥያ አለው። ቅጥያው እስከ መሬት ሲረዝም የለ ሁለት እግሮች ይሆናሉ። ወ ክብ ሆኖ በውስጡ ቀጥ ያለ ጭረት አለው። የ ክብ አናት ያለው ዘንግ ነው። ነ እንደ መብረቅ የተሰበረ መስመር ነው። ጸ በሁለት እግሮች ላይ የተቀመጠ ክብ ነው። ፀ በሙስነድ መካከሉ ላይ አግድም ጭረት ያለው ሳጥን ነው፤ የግዕዙ ፀ አግድም ጭረቱን ሲጠብቅ ሳጥኑን ወደ ክብነት ለውጦታል። ፈ በሙስነድ አራት ማዕዘኑ በሾለው ጫፉ የቆመ ቅርጽ ስለሆነ ከግዕዙ በጣም የራቀ ነው፤ በማመሳሰል ሳይሆን በማስታወስ ይያዛል።

ጀማሪዎች የሚያደናግሯቸው ጥንዶች ጥቂት ናቸውና አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ሀ እና ሰ በሙስነድ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ ጽዋው ወደ ላይ ከተከፈተ ሀ፣ ወደ ታች ከተከፈተ ሰ ነው። በቀ ጭረቱ ከክቡ ውጭ በላይም በታችም ይወጣል፣ በወ ግን በክቡ ውስጥ ይቀራል። ለ እና ገ ሁለቱም አናታቸው ላይ የታጠፉ ዘንጎች ናቸው፤ የገ ክንድ አግድም ሲሆን የለ ግን አጭርና ወደ ታች ዘመም ያለ ነው። ሀ እና ሐ የሚለያዩት በጣቶቻቸው ብዛት ነው፤ ሁለት ከሆኑ ሀ፣ ሦስት ከሆኑ ሐ።

አምስቱ እንግዶች

በሙስነድ ኖረው በግዕዝ ያልቀጠሉት አምስት ፊደላት የጠፉት ድምፆቻቸው ከሌሎች ድምፆች ጋር ስለተዋሐዱ ነው። ከአምስቱ አራቱን ዓረብኛ እስከ ዛሬ ይዟቸዋል። ስለዚህ ቁርኣን የቀራ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኖሮ ዓረብኛ የተማረ አንባቢ ድምፆቹን ወዲያውኑ ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው ምላስን በጥርሶች መካከል አድርገው የሚያወጡት፣ ለዘ የሚቀርብ ድምፅ ነው፤ ዓረቦች «ዛል» የሚሉት ፊደል ነው። በግዕዝ ከዘ ጋር አንድ ሆኗል። ዓረብኛ በዚህ ድምፅ «ኡዝን» የሚለውን ጆሮ ግዕዝ በተለመደው ዘ «እዝን» ይለዋል። ሁለተኛው የዚሁ ድምፅ የለሰለሰ ጥንድ፣ ለሰ የሚቀርበው ነው። በዓረብኛ በሬን «ሰውር» ሲሉ የሚጀምሩት በእሱ ነው፤ የግዕዙ «ሶር» ግን በሰ ይጻፋል። ሦስተኛው ከጸ ጋር የተዋሐደው ነው፤ በዓረብኛ ጥላን «ዚል» የሚሉበት ከባድ ድምፅ በግዕዝ «ጽላሎት» ላይ ጸ ሆኗል። አራተኛው ከጉሮሮ እየተጉመጠመጠ የሚወጣው «ገይን» ነው፤ የዓረብኛው «መግሪብ» እና የግዕዙ «ምዕራብ» አንድ ቃል ሲሆኑ በግዕዝ ድምፁ ዐ ሆኗል። አምስተኛው ሦስተኛ ዓይነት ሰ ሲሆን በዓረብኛም የለም፤ በግዕዝ ወደ ሰ ገብቷል። የጽሕፈቱ መጠሪያ «ሙስነድ» ራሱ በሳባ ሲጻፍ የሚይዘው ይህንኑ ሦስተኛውን ሰ ነው።

ከአምስቱ በጽሑፎች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ነው። በሳባ ቋንቋ የግዕዙን «ዘ» ማለትም የአማርኛውን «የ» ሥራ የሚሠራው እሱ ነውና። ግዕዝ የሚያውቅ ተማሪ ይህንን ፊደል እንደ ዘ ቆጥሮ ሲያነብ ዐረፍተ ነገሩ ብዙ ጊዜ ራሱን ይገልጥለታል።

የሞክሼ ፊደላት ጥቅም

አማርኛ ተናጋሪ ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ድምፅ ያነባቸዋል። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር ለረጅም ዘመን ሲካሄድ ኖሯል። ለአማርኛ የዕለት ጽሕፈት ክርክሩ የራሱ ምክንያቶች አሉት። ሙስነድን ለሚማር ሰው ግን እነዚህ ፊደላት እጅግ ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው፤ በሙስነድ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅርጽና የራሳቸው ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸውና።

የግዕዝን ቃላት በትክክለኛ ሆሄያቸው የሚጽፍ ሰው የሳባውን አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሊገምት ይችላል። «ወርኅ» በኀ ይጻፋል፤ ሳባም ወርን «ወ-ረ-ኀ» ይላል። «ሀገር» በሀ ይጻፋል፤ ሳባም ከተማን «ሀ-ገ-ረ» ይላል። «ነፍስ» በሰ ነው፤ በሳባ «ነ-ፈ-ሰ» ነፍስ ማለት ሲሆን ለመቃብር ሐውልትም ያገለግላል። «ጽድቅ» በጸ ነው፤ በሳባም «ጸ-ደ-ቀ» በዚያው ፊደል ይጻፋል። «ፀር» በፀ ነው፤ ሳባም ጦርነትንና ጠላትን የሚመለከቱትን ቃላት በፀ ይጽፋቸዋል።

የአገርና የሕዝብ ስሞችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ የሳባ ጽሑፎች በደቡብ ዓረቢያ ጦርነት ስለተካፈለ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያወሳሉ። ስሙን «ገ-ደ-ረ-ተ»፣ ማዕረጉን የ«ሐ-በ-ሠ-ተ» ንጉሥ ብለው ይጽፋሉ። ሐበሻ የሚለው ስም ከጥንት በሐ እና በሠ ይጻፍ እንደነበር ከዚህ ይታያል። አክሱምን «አ-ከ-ሰ-መ» ብለው በሰ ይጽፉታል፤ «ነጋሢ» የሚለውን ማዕረግ ግን በሠ። ግዕዝም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ሙስነድን ለመማር የተዘጋጀ አማርኛ ተናጋሪ ቅርጾቹን ከማጥናቱ በፊት ወይም ጎን ለጎን የግዕዝን ትክክለኛ ሆሄ ቢያጠና ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

ያለ አናባቢ ማንበብ

ፊደላችን ለእያንዳንዱ ሆሄ ሰባት ቤት አለው። ሙስነድ ያለው አንድ ብቻ ነው። የአናባቢው ሥርዓት በግዕዝ የገባው በ4ኛው ክፍለ ዘመን በዒዛና ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ብዙ ጸሐፍት ሥራውን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በፊት ግዕዝ ራሱ ያለ አናባቢ ይጻፍ ነበር። ከዓዲ ገላሞ የተገኘው የነሐስ ዕቃና የመጠራው ሐውልት ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በኋላ የመጣው ሥርዓት በጥንታዊው ቅርጽ ላይ ትንሽ ጭረት በመቀጠል፣ አንዱን እግር በማሳጠር ወይም በማጠፍ አናባቢውን ያመለክታል።

ተማሪው እዚህ ላይ ሊያርመው የሚገባ ልማድ አለ። የሙስነዱ ቅርጽ የግዕዙን የመጀመሪያ ቤት ስለሚመስል ዓይን «በ» ብሎ ማንበብ ይቀናዋል። ነገር ግን በዚያ ቅርጽ የተጻፈው ተነባቢው ብቻ ነው፤ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ሊሆን ይችላል። ስሞች በተለያየ አነባበብ በመጻሕፍት የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። የሳባ ታላቅ አምላክ ስም «አ-ለ-መ-ቀ-ሀ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዱ ሊቅ አልመቃህ፣ ሌላው ኢልሙቁህ ይለዋል። በየሐ ዘመን የነበረው መንግሥት ስም «ደ-ዐ-መ-ተ» ነው፤ ዳዓማትም ዲዓማትም ተብሎ ይነበባል።

አማርኛና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይህ ችግር የሚመስለውን ያህል አይከብደውም። የሴም ቋንቋዎች የቃሉን ዋና ፍቺ የሚያስቀምጡት በተነባቢዎቹ ላይ ነው። ሰ-በ-ረ የሚለውን ሥር ያየ አማርኛ ተናጋሪ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብር፣ ስባሪ የሚሉትን ቃላት ሁሉ ያስባል፤ ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው በዙሪያው ባሉት ቃላት ነው። በእስራኤል የሚኖሩና ዕብራይስጥ ጋዜጣ የሚያነቡ ቤተ እስራኤላውያንም ነጥብ የሌለውን ጽሑፍ በየዕለቱ የሚያነቡት በዚሁ ዘዴ ነው። በተጨማሪም ሙስነድ ወ እና የን በቃል መጨረሻ ላይ ለረጅም አናባቢ ምልክትነት ይጠቀምባቸዋል። የሳባው «-ሀ-ወ» ከግዕዙ «-ሁ»፣ «-ሀ-መ-ወ» ደግሞ ከ«-ሆሙ» ጋር ይገጥማል። ድምፅን ማጥበቅ በሙስነድ ምልክት የለውም። ፊደላችንም ስለማያመለክተው ይህ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም።

አቅጣጫ፣ መለያና ቁጥር

ግዕዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ሙስነድ በአብዛኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። በጥንታዊዎቹ ዘመናት፣ በተለይም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ ረጃጅም ጽሑፎች ገበሬ ማሳው ጫፍ ደርሶ በሬዎቹን እያዞረ እንደሚያርሰው አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ይጻፍ ነበር። አቅጣጫው ሲዞር ፊደላቱም ፊታቸውን ያዞራሉ። እንደ በ፣ ዐ፣ ቀ፣ ተ እና ሀ ያሉት ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ለውጥ አይታይባቸውም። ለ፣ መ፣ ነ፣ ረ፣ ገ እና ደ ግን ይገለበጣሉ። ስለዚህ አንባቢው አዲስ ድንጋይ ሲያጋጥመው በመጀመሪያ እነዚህን ፊደላት ፈልጎ ወዴት እንደዞሩ ያያል፤ መስመሩ ከየት ወደየት እንደሚነበብ ያኔ ይገባዋል።

ቃላትን ለመለየት ሙስነድ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ያቆማል። የግዕዙ ሁለት ነጥብ ይሠራ የነበረውን ሥራ ይህ ጭረት ይሠራል። ድንጋዮቹ ቃል ከቃል ስለሚለዩ ጀማሪ የቃሉን መነሻና መድረሻ በመፈለግ አይደክምም።

የቁጥር አጻጻፉ ለግዕዝ አንባቢ ልዩ ደስታ አለው። የግዕዝ አኃዞች የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነው። የሙስነድ ዋና ዋና ቁጥሮች ግን ከቁጥሩ ስም የመጀመሪያ ፊደል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ግን በአንድ ጭረት ይጻፋል። አምስት ኀ ነው፤ ኀምስቱ። አሥር ዐ ነው፤ ዐሠርቱ። መቶ መ ነው፤ ምእት። አንድ ሺህ አ ነው፤ እልፍ ከሚለው ጋር አንድ የሆነው ቃል መነሻ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በግዕዝ እልፍ አሥር ሺህ ሲሆን በሳባ ግን ያው ቃል አንድ ሺህ ነው።

ጽሕፈትን ማወቅና ቋንቋን ማወቅ

ፊደሉን ያጠና ሰው ቋንቋውን አውቋል ማለት አይደለም። ሳባ የግዕዝ እናት ቋንቋ ሳይሆን ዘመዱ ነው፤ ልዩነታቸውም ብዙ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው በስም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ነ ነው። በሳባ የታወቀን ነገር ያመለክታል፤ «ሀ-ገ-ረ-ነ» ማለት «ከተማው» ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሀገርን» ብሎ እንደ ተሳቢ ቢወስደው ይሳሳታል። ሁለተኛው በስም መጨረሻ የሚገኘው መ ነው፤ እሱ ደግሞ ያልታወቀን ስም ያመለክታል፤ ብዙ የሰው ስሞችም ይይዙታል። ሦስተኛው የአድራጊ ግሥ መነሻ ነው። ግዕዝ «አ» የሚለውን በጥንታዊው ሳባ «ሀ» ይተካዋል። «ሀ-ቀ-ነ-የ» የሚለው ግሥ በመባ ጽሑፎች ላይ ደጋግሞ ይገኛል፤ ትርጉሙም «አቀረበ፣ ለአምላክ ሰጠ» ነው። የልጅነት ዝምድናም በግዕዝ «ወልደ» እንደሚባለው ሳይሆን «በ-ነ» ተብሎ ይጻፋል።

እነዚህን ያወቀ ሰው አንድን የመባ ጽሑፍ አጥንት ማንበብ ይችላል፤ የሰውየው ስም፣ በ-ነ፣ የአባቱ ስም፣ ሀ-ቀ-ነ-የ፣ አ-ለ-መ-ቀ-ሀ፣ ከዚያም የቀረበው ስጦታ። ብዙዎቹ ጽሑፎች በዚህ ሥርዓት ስለሚጀምሩ የመጀመሪያው መስመር ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ መለማመጃ ነው።

ለመለማመድ የሚበጁ ድንጋዮች

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚመረጠው መለማመጃ በአክሱም የሚገኘው የዒዛና ድንጋይ ነው። ንጉሡ በቤጃ ላይ ያካሄደውን ዘመቻ የሚተርከው ይህ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ በግሪክኛ፣ አናባቢ በሌለው የግዕዝ ፊደልና በሙስነድ። በሙስነድ የተጻፈው ቋንቋም ግዕዝ ነው። ጸሐፊዎቹ የሳባን መልክ ለመስጠት በቃላት መጨረሻ ላይ መ እየጨመሩ ጽፈውታል። አንድ ታሪክ በአንድ ቋንቋ በሁለት ጽሕፈት ጎን ለጎን ስለሚገኝ ተማሪው ፊደሉን ከፊደል እያመሳከረ ራሱን ማረም ይችላል። በ6ኛው ክፍለ ዘመንም ዐፄ ካሌብ የግዕዝ ጽሑፋቸውን በሙስነድ ፊደላት አስቀርጸዋል። ከዚያ ዘመን ጥቂት ቆይቶ የመንን የገዛው አብርሃ የማሪብን ግድብ ማደሱን በ548 ያስጻፈው በሙስነድና በሳባ ቋንቋ ነው።

ቋንቋውን ጭምር ለመሞከር የሚፈልግ ደግሞ የመቃብር ጋዕዋን መሠዊያ ያገኛል። በ2007 በውቅሮ አካባቢ የተገኘው ይህ መሠዊያ ለአልመቃህ የቆመ ሲሆን፣ ጽሑፉ የንጉሥ ስምና የየሐን ስም ይጠራል። ከየመን በኩል በጽርዋሕ የሚገኘው የከሪብኢል ወታር ታላቅ ጽሑፍ ለተራመደ ተማሪ ይመጥናል።

ሙስነድ ዳግመኛ ለንባብ የበቃው እንዲህ ባለው ማመሳከር ነው። የጀርመኑ ተጓዥ ዜትሰን በ1810 ጥቂት መስመሮችን ከየመን ገልብጦ ላከ። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን ዌልስቴድ በ1834 በሒስን አልጉራብ አንድ ረጅም ጽሑፍ አገኘ። በሐሌ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ጌዜኒዩስና ሮዲገር በ1841 ገደማ፣ በዓረብኛ የእጅ ጽሑፎች የተረፉ የፊደል ዝርዝሮችንና ከግዕዝ ፊደል ጋር ያለውን መመሳሰል ይዘው አብዛኞቹን ፊደላት ለዩ። ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ቤተ እስራኤልን የጎበኘው ጆሴፍ ሃሌቪ በ1869 እና በ1870 የመንን ተጉዞ ከ680 በላይ ጽሑፎችን ገልብጧል።

የአጠናን ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ ተግባር ሲመጣ ይህንን መልክ ይይዛል። ተማሪው በመጀመሪያ በ፣ ዐ፣ ቀ፣ ሰ፣ ገ እና ተን ይያዝ። ቀጥሎ የዞሩትን፣ ከዚያም ጭረት የለወጡትን ይጨምር፤ የሚያደናግሩትን ጥንዶች ጎን ለጎን እየጻፈ ይለያቸው። አምስቱን እንግዶች በመጨረሻ ያጥናቸው። ፊደላቱን በዓይን ከማየት ይልቅ በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ ሁለት መስመሮች አስምሮ ቁመታቸውን እኩል እያደረገ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። የራሱንና የቤተሰቡን ስም በተነባቢ ብቻ መጻፍም ጥሩ ልምምድ ነው። እንደ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ያሉት የአማርኛ ድምፆች በሙስነድ ስለሌሉ ለልምምዱ ያህል የወጡባቸውን ሰ፣ ተ፣ ነ፣ ዘ፣ ደ እና ጠን መጠቀም ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ከግዕዝ ጋር የሚጋሩትን ቃላት ማለትም ሀገር፣ ቤት፣ ወርኅ፣ ነፍስ፣ ጽድቅን እየጻፈ ያንብብ፤ ቀጥሎ ወደ ዒዛና ድንጋይ፣ ከዚያም ወደ መባ ጽሑፎች ይሂድ። የሙስነድ ፊደላት ከ2009 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ በዩኒኮድ ስለተካተቱ በኮምፒውተርም በስልክም መጻፍ ይቻላል። በጣሊያን በፒሳ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፎች ስብስብም በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው።

በየሐ፣ በአክሱምና በውቅሮ ያሉት ድንጋዮች የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የጽሑፍ ሰነዶች ናቸው። እስካሁን በአብዛኛው ያነበቧቸው፣ የተረጎሟቸውና ያሳተሟቸው የውጭ አገር ሊቃውንት ናቸው። ግዕዝን በትክክለኛ ሆሄው የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ተማሪ ግን ለዚህ ንባብ ከማንም የቀረበ ነው፤ ከ29ኙ ፊደላት 24ቱን በልጅነቱ ተምሯቸዋልና። የቀረውን አምስት ይማር፤ ድንጋዮቹንም ራሱ ያንብባቸው።